የጮቄ ብርድና የከሰል ማንደጃው

ጥያቄው የመጣው በጮቄ ተራራ ሥር ከሚያስተምሩ አንዲት መምህር ነው። እንዲህ ይላል፦

«ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ዘንድሮ የተመደብኩት ግን ጮቄ ሥር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ትምህርት ቤት ነው። የመስከረሙን ዝናብ እንደምንም ቻልኩት። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ባሰ። ጠዋት ስነሳ ሣሩ ነጭ ለብሶ አገኘዋለሁ። የምንኖረው ሦስት መምህራን አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ተከራይተን ነው። ማታ ከሰል አቀጣጥለን፣ በሩን ዘግተን፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈን እንተኛለን። ጠዋት ሦስታችንንም ራሳችንን ያመናል። ትምህርት ቤት ደርሰን ትንሽ ስንቆይ ይተወናል። ጎረቤቶች ‹ብርድ መቷችሁ ነው፤ አረቄ ቅመሱበት› ይሉናል። ካናዳ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹እዚህ ከዜሮ በታች 20 ነው፣ ክረምቱ ከባድ ነው፣ በረዶው ጉልበት ይደርሳል፤ አንቺ ምን ሆንሽ?› ይለኛል። ለመሆኑ እኛ ጋ የሚታየው ነጭ ነገር ያው በረዶ ነው? ፀሐይ በሚወጣበት ወር ለምን ባሰ? ብርዱንስ እንዴት እንቻለው?»

የራስ ምታቱን ላስቀድም፤ ሌላው ይደርሳል። ያመማችሁ ብርድ አይደለም። ከሰሉ ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ከነረመጡ ከቤት አውጡት።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢን ደግሞ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትንሹም ጋዝ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ሰውየው ይተነፍሳል፤ አካሉ ግን ይራባል። መጀመሪያ ራስ ይከብዳል። ከዚያ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ጉልበት ይከዳል። ነቅቶ ያለ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። የተኛ ሰው ግን እንቅልፉ እየከበደው ይሄዳል። ሳይነቃም ሊቀር ይችላል።

በእናንተ ላይ ይህ መሆኑን የነገረኝ የራስዎ ጽሑፍ ነው። ሕመሙ ሦስታችሁንም በአንድ ጊዜ ይይዛችኋል። ከእንቅልፍ ስትነሱ አለ፣ ንጹሕ አየር ስታገኙ ይለቃችኋል። ከፍታው ያመጣው እንዳንል፣ የከፍታ ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንደደረሰ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የሚታይ ነው። እናንተ ወራት ቆይታችኋል።

በሕክምና ሥራ ዘመኔ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች እንዲህ የሆኑ ሰዎችን ተቀብያለሁ። ተሸክመው የሚያመጧቸው ጎረቤቶች የሚናገሩት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ማታ እኮ ደህና ነበሩ»። ይህን ቃል በእናንተ በር ላይ ማንም እንዲናገረው አልፈልግም።

ሰው የሚጽናናባቸው ነገሮች አሉ፤ አንዳቸውም አያድኑም። «ከሰሉ በደንብ ከቀላ አይጎዳም» ይባላል። የቀላው ከሰል ጭሱን ጨረሰ እንጂ ጋዙን አልጨረሰም። አመድ የለበሰ ረመጥም የሞተ ይመስላል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ጋዝ ይለቃል። አጠገቡ ውኃ ማስቀመጥ ጋዙን አይስበውም። «አያቶቻችን እሳት ዳር ተኝተው አድገዋል» የሚል ክርክርም እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ተኝተዋል። የእነሱ ቤት ግን ሣር ክዳን ነበር፣ በየስንጥቁ ይተነፍሳል። የሚነደውም በአብዛኛው እንጨት ነው። የእንጨት ጭስ ዓይን ስለሚያስለቅስ ሰው ራሱ ተነሥቶ በር ይከፍታል። ከሰል እንደዚያ አያስጠነቅቅም። የእናንተ ቤት ደግሞ በጨርቅ የተወተፈ ነው።

አሁን ወደ ነጩ ነገር። አማርኛችን ለዚህ ከአንድ በላይ ቃል አለው። ዛሬ ግን ሁሉንም «በረዶ» እያልን ስለምንጠራው ነገሩ ተደባልቋል።

በክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲያጓራ፣ ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር የሚደበድበው በረዶ ነው። የዝናቡ ጠብታ በደመናው ውስጥ ኃይለኛ ነፋስ ወደ ላይ እየወሰደው፣ እየረጋና ሌላ በረዶ እየደረበ፣ ሲከብደው ይወርዳል። ጮቄ ላይ አንዳንዴ መሬቱን ነጭ እስኪያደርግ ይከመራል። ከሩቅ ያየው ሰው የውጭ አገር ፎቶ ይመስለዋል።

ወንድምዎ ጋ ያለው ሌላ ነው። እሱ በደመና ውስጥ ከተን ወደ ቅንጣት ተሠርቶ እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው። ድምፅ የለውም። አገሩ ቀኑንም ከዜሮ በታች ስለሚውል ሳይቀልጥ ለወራት ይቀመጣል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው አልፎ አልፎ ስሜን ተራሮችን በመሰለ ከፍታ ላይ ይታያል። ፀሐይ ስትበረታ ግን አይቆይም።

እርስዎ ጠዋት በሣሩ ላይ የሚያዩት ሦስተኛው ነው፤ ውርጭ ነው። «ውርጭ ወረደ» እንላለን እንጂ ከየትም አይወርድም። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ሌሊት ከዜሮ በታች በቀዘቀዘው ሣር ላይ እዚያው ይረጋል። ጤዛ የሚሆነው ነገር ነው ውርጭ የሆነው። ገበሬው «ባቄላዬን ውርጭ መታብኝ» ሲል ይህን ማለቱ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ረግቶ ሥጋውን ስለሚሰነጥቀው፣ ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ የተቃጠለ መስሎ ይጠቁራል። የአገሩ ሰው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ቆጥሮ ከደጋ በላይ ያለውን «ውርጭ» ብሎ መጥራቱ በምክንያት ነው። እርስዎ የሚያስተምሩት እዚያ አፋፍ ላይ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ቃል ላርም። ወንድምዎ «ክረምት» የሚለው የራሱን አገር የብርድ ወቅት ነው። የእኛ ክረምት የዝናብ ወቅት ነው። የእነሱ በረዶ የሚከመርባቸው ታኅሣሥና ጥር ለእኛ በጋ ናቸው። በስልክ ስታወሩ የማትግባቡት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ታዲያ በጋው ለምን ከክረምቱ ባሰ? መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። በክረምት ሰማዩን ደመና ስለሚሸፍነው ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣል። ደመናው ለአገሩ እንደ ጋቢ ነው። በታኅሣሥ ጋቢው ተገፈፈ። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ኮከቡ ይበዛል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ሙቀቱን የሚይዘው የለም። ለዚህ ነው ቀን ትከሻ የሚያቃጥል ፀሐይ ወጥቶ ሌሊት ጥርስ የሚያንገጫግጨው። ከፍታውም ይጨመርበታል። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እርስዎ ከእሷ 1,200 ሜትር ከፍ ብለው ነው ያሉት። ወደ 8 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይፈሳል። ረባዳ ላይ ያለ ቤት ገመገም ላይ ካለው ይልቅ ሌሊት ይበርደዋል። ቤት የመቀየር ዕድል ካገኛችሁ ይህን አስቡበት።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ከዜሮ በታች 20 ቀልድ አይደለም። ነፋስ ከታከለበት የተጋለጠ ጣትና ጆሮ እስከመርጋት ይደርሳል፤ የረጋ ሥጋም ሊሞት ይችላል። የእኛው ቆፈን እንደዚያ አይደለም። ጣት ይደነዝዛል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ ሲሞቅ እያንገበገበ ይመለሳል። ልጅ ሆኜ በግ ስጠብቅ ከጣቶቼ ጋር የታገልኩት በዚሁ ቆፈን ነው። ነገር ግን ካናዳ ብርዱ ውጭ ነው ያለው። ቤቱ ይሞቃል፣ አውቶቡሱ ይሞቃል፣ መሥሪያ ቤቱ ይሞቃል። እሱ ብርዱን አቋርጦ ያልፋል፤ እርስዎ ይኖሩበታል። ከውጭ ገብተው በርዎን ሲዘጉ ያው ብርድ ውስጥ ጠብቆዎታል። ስለዚህ ማማረርዎ ትክክል ነው።

ወደ መፍትሔው ስገባ መጀመሪያ አንድ አስተሳሰብ እንድትለውጡ እፈልጋለሁ። «ብርድ ገባኝ» እንላለን። ብርድ ግን የሚገባ ነገር አይደለም። ሙቀት ነው የሚወጣው። ሰውነታችሁ ራሱ ምድጃ ነው። አንድ ሰው አርፎ ተቀምጦ እንኳ የ100 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ይሰጣል። እናንተ ሦስት ናችሁ። የሚጎድላችሁ እሳት አይደለም፤ ያለው እየፈሰሰባችሁ ነው። ለከሰል የምታወጡትን ገንዘብ የሚፈስበትን ለመድፈን አውሉት።

ትልቁ ቀዳዳ ከሥራችሁ ነው። ብዙ ሰው ከላይ ብርድ ልብስ ይደራርባል፣ ከታች ግን ስስ ፍራሽ ሲሚንቶ ላይ ዘርግቶ ይተኛል። ፍራሹ በሰውነት ክብደት ይጫናል፣ አየር አይቀርበትም፣ መሬቱም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይመጥጣል። አገሬው ይህን ከጥንት ያውቃል። መደቡ ላይ ጭድ ይነሰንሳል፣ በላዩ ጀንዲ ወይም አጎዛ ይጣላል። እናንተም በማዳበሪያ ጆንያ ጭድ ሞልታችሁ ከፍራሹ ሥር አንጥፉ። ከፍራሹ በላይ አጎዛ አድርጉ። ጭዱ ደረቅ ይሁን፤ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትሠራላችሁ ብባል፣ ከሰሉን ከማውጣት ቀጥሎ ይህን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ቀዳዳ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ለሌሊት ሰማይ ባዶውን የተጋለጠ ብረት ነው። ሙቀት አይይዝም። ጠዋት ጠብ ጠብ ሲልባችሁ የምታዩት ውኃ የገዛ ትንፋሻችሁ ነው። ኮርኒስ ያስፈልጋችኋል። የተሰፋ ማዳበሪያም ይበቃል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሚታሰረው አየር ነው ሥራውን የሚሠራው። አከራዩን አነጋግሩ፤ እምቢ ካሉ ሦስታችሁ አዋጡ። በሩ ሥር ያለውን ክፍተትና ነፋስ የሚመጣበትን ጎን መድፈን ትክክል ነው። ከላይ አንድ መተንፈሻ ግን ክፍት ይሁን። ሦስት ሰው የሚተነፍስበት ክፍል ጨርሶ መታሸግ የለበትም።

ልብስ ላይ ብዙ አልናገርም። አንድ ወፍራም ከሚሆን ሁለት ሦስት ስስ ይሻላል፤ በመካከላቸው አየር ይያዛል። ጋቢ የሚሞቀው ድርብ ስለሆነ ነው። ጥጥ ግን ከራሰ ሙቀት አይይዝም። ለዝናብና ለጤዛ መንገድ ሱፍ ይሻላል። በርኖስ ካገኛችሁ ግዙ፤ ካልሆነ የሱፍ ሹራብ። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ ብርዱን የሚችለው ጠጉሩ አየር ስለሚይዝለት ነው። ቀን የለበሳችሁትን ካልሲ ለብሳችሁ አትተኙ። ደረቅ ቢመስልም ላብ ይዟል። ለሌሊት የተለየ ካልሲ ይኑራችሁ፤ ራሳችሁንም በሻሽ ወይም በኮፍያ ሸፍኑ።

ማታ እግሩ አልሞቅ ያለ ሰው የሃይላንድ ዕቃ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከመተኛቱ ሩብ ሰዓት በፊት ብርድ ልብሱ ውስጥ ያስቀምጠው። የፈላ ውኃ አይሁን፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩን ሲያቃጥለው ላይሰማው ስለሚችል ከመተኛቱ በፊት ያውጣው። ለጨቅላ አይሆንም። ምሽት ላይ ከሰል መሞቅ የግድ ከሆነ በሩን ከፍታችሁ፣ ነቅታችሁ፣ ተቀምጣችሁ ይሁን። እንቅልፍ ሲመጣ ማንደጃው ይወጣል።

አረቄውን ተዉት። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታል። ትኩስ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል። ውስጡ ግን እየቀዘቀዘ ነው። መንቀጥቀጡንም ያዳክመዋል። መንቀጥቀጥ ደግሞ ሰውነት ራሱን የሚያሞቅበት ሥራ ነው። ጠጥቶ ሌሊት መንገድ ላይ የወደቀ ሰው በጮቄ አየር እስኪነጋ ላይቆይ ይችላል። ጎረቤቶቻችሁ በደግነት ነው ያሏችሁ፤ በደግነት እምቢ በሉ። በምትኩ ከመኝታ በፊት ብሉ። የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ ትኩስ ሾርባ፣ ድንች፣ ያለው ይሁን። ምድጃው ያለ እንጨት አይነድም።

«ብርድ የሳንባ ምች ያመጣል» የሚለውንም ላንሳ። የሳንባ ምች የሚመጣው ከተሕዋስ ነው። ብርዱ የሚያደርገው ሰዎችን በአንድ ክፍል ማጨናነቅ፣ በሩን ማዘጋት፣ ጭስ ማሰባሰብ ነው። በጭስ የተጎዳ የሕፃን ሳንባ ደግሞ በቀላሉ ይያዛል። ስለዚህ ልጅን በጋቢ ጠቅልሎ ጭስ ቤት ማስተኛት ከለላ አይሆነውም። አስም ያለበት ሰው ግን ቀዝቃዛው አየር ራሱ ያስነሣበታል። ጠዋት ሲወጣ አፍና አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍን፤ የሚነፋው መድኃኒትም ኪሱ ውስጥ ይሁን። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ግፊት ያለባቸው ሰዎችም በእነዚህ ወራት መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም።

እርስዎ መምህር ስለሆኑ ስለ ተማሪዎችዎም እነግርዎታለሁ። ጠዋት በጤዛ መንገድ የመጣ ልጅ እግሩ ርሷል። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከቻላችሁ ፀሐይ ላይ አድርጉት፤ ካልሆነ እግሩን አድርቆ ይግባ። ባዶ እግሩን የሚመጣ ካለ ለወላጆቹ ንገሩ። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ከተረገጠ የእግር ማበጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ጫማ ብርዱንም እብጠቱንም ይከላከላል። ብርድ ሲበረታ ልብስ አይታጠብም፣ ሰውም ተጠጋግቶ ይተኛል። ቅማል የሚራባው ያኔ ነው። ተስቦና ግርሻ የሚባሉት የትኩሳት በሽታዎች የሚዛመቱት በልብስ ቅማል ነው። ልብስ በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ስፌቱ በጋለ ካውያ ይተኮስ። ከፍተኛ ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት ያለበት ልጅ ካያችሁ «ብርድ ነው» ብላችሁ አታሳድሩት።

ከዚህ በታች ያሉት ሲታዩ ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም። ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ምላሱ ከተሳሰረና ከተደናበረ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ በደረቅ ጠቅልሉት፣ ከሌላ ሰው ገላ ጋር አስጠጉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ በዚያው ሰዓት ይሂድ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብ፤ በእናቱ ገላ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ፣ ከላይ ተሸፍኖ ይቆይ። ከሰል በነደደበት ቤት ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ በሩን በርግዳችሁ ወደ ንጹሕ አየር ጎትታችሁ አውጡት። እዚያው ቁጭ ብላችሁ ውኃ አትርጩበት፤ እናንተም ትወድቃላችሁ። ከነቃም በኋላ ኦክስጅን ስለሚያስፈልገው ሐኪም ይየው።

እናንተ ሦስታችሁ ማንደጃውን ዛሬ አውጡ። ከሦስት ቀን በኋላ የጠዋቱ ራስ ምታት ከሌለ ምክንያቱ ታውቋል። ካለ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ስትሄዱም ከሰል ስታነዱ እንደነበር መናገር አትርሱ።